መስቀሉን የያዘ ሰው አይታመምም

ከቤሊ ብሮድ፤ ወይን በምንገርዝበት በቅዱስ ትሪፎን ማግስት

ለተከበርሽው ምራቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? የባሕሩ ነፋስ እንዴት ይዞሻል? ትናንት አውቶቡስ ስትሳፈሪ አንገትሽ ባዶ ነበር፤ ሻርፕሽ እዚህ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁና እባክሽ አድርጊው። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃሌን ከእንግዲህ ማንም እንደማያምናት አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን በሐኪም ፊርማ አስደግፌ ነው የምጽፍልሽ። ጎረቤታችን ስቶይመንም ጉልበቱን ከመራገም በቀር ደህና ነው። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው፤ አንዷ ብቻ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ አኩርፋለች።

ዛሬ ጠዋት ደውዬ በጨው ውሃ ስለዘፈዘፍነው ጎመን በርሜል ጠየቅሁሽ። «አባባ፣ የጎመኑን ውሃ ልገልብጠው ወይ ብለህ ነው በዚህ ጠዋት የምትደውለው? ምን ሆነሃል?» አልሽኝ። ምንም አልኩሽና ዘጋሁት። ልጄ፣ እኔ እኮ ያንን በርሜል አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስገለብጠው የኖርኩ ሰው ነኝ። ልነግርሽ የደወልኩት ሌላ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ጎመኑ አዞርኩት። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ነገ ማለዳ ለሾፌሩ ለጌርጎ እሰጠዋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ቡርጋስ ይገባል። እጮኛሽ ፕላመን ከወደብ ፈረቃው የሚወጣው ነገ አመሻሽ ላይ ነው ብለሻል። ከዚያ በፊት እጅሽ ይግባልኝ።

ቀለበቱን እንዳትመልሺለት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ይህቺ ግን ቀድማ ትጻፍ። ቀለበቱን እንዳትመልሺለት፤ እኔ በሽተኛ አይደለሁም። ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ። ያ ሁላችንንም ያስጨነቀን የደም ምርመራ የጉንፋን ጉድ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ወሬ ከመሃል መጀመር አይሆንልኝም፣ ታገሺኝ።

ባልሽ፣ ዮርዳኔ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቀጥ ስትልበት፣ ደሙን አንድ ቀን እንኳ የመረመረለት አልነበረም። ያንን የሚያህል ሰው ማን ይጠረጥራል? የደሙ ስብ፣ ኮሌስትሮል የሚሉት፣ ከእኔ በዘር የወረደ መሆኑን ያወቅነው ከቀበርነው በኋላ፣ አንቺ እኔን እየጎተትሽ ላቦራቶሪ ስትወስጂኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ማታ ማታ ክኒኑን ከውሃ ጋር ታስቀምጪና አፌን እስክከፍት፣ ምላሴን እስካነሳ ድረስ እንደ ፖሊስ ትቆሚብኝ ነበር። «ቤቱን ወታደር ቤት አደረግሽው!» ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼብሻለሁ። አመሰግናለሁ ግን አንድ ቀን እንኳ አላልኩሽም። አሁን ልበል፤ አመሰግንሻለሁ። ገና ወጣት ነሽ፤ ከተማ ወጥተሽ ኑሮሽን መኖር ስትችዪ፣ ሀዘንሽን ይዘሽ ከአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ጋር ቀረሽ። እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ፤ እኔ አልችለውም።

በመከር ጊዜ ፕላመን ቀለበት ያሰረልሽ ዕለት ያልሽኝንም አልረሳሁም። «አባባ፣ ከጥምቀት በኋላ ደምህ ይመርመር። በዓይኔ አይቼ ደህና ከሆነ እሄዳለሁ፣ ካልሆነ ግን የትም አልሄድም» አልሽኝ። ፕላመን ደግ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ክሬን ላይ ሆኖ ሰውን ወደ ታች ሲያይ ይውላል እንጂ ማንንም አይንቅም። እንዲያልፍሽ አልፈለግሁም።

በጥምቀት ዕለት ካህኑ የሚወረውሩትን መስቀል ላወጣ ወንዝ የገባሁት ለዚያ ነው። ሰው ሁሉ በልጁ ቦታ ሊገባ ነው ብሎ አዝኖልኛል፤ ጥምቀት የስሙ ቀን ነውና ዮርዳኔ በየዓመቱ ይገባ ስለነበር። እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ነገር ግን ዋናው አንቺ ነሽ። ይህ ሰውዬ በበረዶ ውሃ ውስጥ ዋኝቶ መስቀል ካወጣ ብቻውን መኖር አያቅተውም ብለሽ፣ ልብሽ አርፎ እንድትሄጂ ነበር። ድልድዩ ላይ ሆነሽ «ያበድክ ሽማግሌ፣ ውጣ!» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። መውጣትስ ፈልጌ ነበር፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ እንጂ።

አባ ሳቫ መስቀሉን ሲወረውሩ ጎረምሶቹን ምን እንደነካቸው እንጃ። ሚልኮን ታውቂው የለ? ባለፈው ዓመት የአባ ሳቫ እጅ ገና ሳይመለስ መስቀሉን የቀለበው! እሱ እንኳ ፊቴ ቆሞ ዝም ብሎ ውሃ ያንቦጫርቃል። መስቀሉ አፍንጫው ሥር ሲንሳፈፍ አያየውም። «አጎቴ ራንጌል፣ በግራህ! በግራህ በኩል!» ይለኛል። የቀሩትም እንደዚያው፣ አንዱ ጫማዬ ጠጠር ገባበት ይላል፣ አንዱ ቁርጠት ያዘኝ ይላል። የዛሬ ወጣት ለብርድ አይሆንም ብዬ ለስቶይመን ነግሬዋለሁ። የሚልኮን እናትም ዓይኑ ደክሟል፣ መነጽር ግዢለት ብያታለሁ። ይዤው ስወጣ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ዮርዳን! ዮርዳን!» ሲል ሰማሁ፤ የስሙ ቀን ስለሆነ ይሆናል።

መስቀሉን የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይታመምም፤ አባቶቻችን ያሉት ነው። እንደ ወጉ በመዳብ ሳህን አድርጌ ቤት ለቤት ዞርኩ። መስቀሉን ያልተሳለመ፣ እኔንም አገላብጦ ያልሳመኝ የለም፤ እያንዳንዱም ደጃፍ አንድ አንድ መለኪያ የራኪያ አረቄ አለ። በማግስቱ አንቺ ከፕላመን ጋር የምትገቡበትን ቤት ለማየት ቡርጋስ ወረድሽ። እኔ በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ።

አወዳደቅ ነው ታዲያ! እሳት የሚተፋ ትኩሳት፣ አጥንት የሚሰብር ሳል። ስቶይመን አስፒሪን በራኪያ አሟሙቶ በጨርቅ ደረቴ ላይ ይለጥፍልኛል፤ ግማሹን እሱ ይጠጣዋል። «ቅዱስ ራንጌል፣ አክሊልህ ሞቆህ ነው የምታልበው?» እያለ ያላግጥብኛል። «ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትል የዚህ ቤት ራኪያ ዳግመኛ ከንፈርህን አይነካውም» ብዬ አስማልኩት። ምን ላድርግ? መስቀሉን ይዤ፣ ቤት ለቤት ባርኬ፣ በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ጣለው ልባል? አንቺም በደወልሽ ቁጥር ሳሌን ውጬ፣ አፌ ውስጥ ዳቦ አለ እያልኩ አጭር አጭር እመልስልሽ ነበር። «ስትበላ ነው እንዴ የምትውለው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ስትመለሺ ትኩሳቱ ለቆኛል፣ ሳሉ ግን ገና ነው፤ ሱሪዬም ከወገቤ ይወርዳል። «ቀጥነሃል» አልሽኝ። ቤት ለቤት መዞሩ ነው አልኩሽ። በነጋታው ደሜን ተቀዳሁ። ዶክተር ቤንኮቫን አትውቀሻት፤ እሷ እንደ ወጉ ጠይቃኛለች። «አቶ ራንጌል፣ ሰሞኑን አሞዎት ነበር? ትኩሳት፣ ሳል?» አለችኝ። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሻል። ደረቴን ነፋ አድርጌ «እኔን? መስቀሉን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ!» አልኳት። ሳቀችና «አላመማቸውም» ብላ ጻፈች።

ውጤቱ ሲመጣ የሆንኩትን አይተሻል። ክኒን እየዋጥኩ እንኳ ከስድስት ወርዶ የማያውቀው ኮሌስትሮሌ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ! ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ያለችውን አንድ ቃል አልሰማሁም። ወረቀቱን ይዤ ቀጥ ብዬ መጠጥ ቤት። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ፤ «የመስቀሉ ነው! የመስቀሉ ተአምር ነው!» ተባለ። የአሳማ ጮማ አስቆረጥኩ፣ ቋሊማ አስጠበስኩ፤ ቤት ስገባ ክኒኖቹን ከነካርቶናቸው ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። አንቺ ሊፍት ያለው ቤት አግኝተሽ፣ ሻንጣሽን ዘግተሽ፣ እኔም ጤነኛ ሆኜ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ አልኩ።

ለካ አንቺ የወረቀቱን ሌላ ጫፍ ስታነቢ ኖረሻል። ብግነት፣ የሰውነት መቆጣት፣ የሚለውን፤ ከአምስት በታች መሆን ሲገባው ስልሳን ያለፈውን። ዶክተሯ ለብቻሽ የነገረችሽን ስቶይመን ነው በኋላ ያወጣልኝ። ያለ ምንም ሕመም እንዲህ ያለ ብግነት፣ ክብደቱም ቀንሷል፣ ኮሌስትሮሉም ሳይታሰብ አሽቆልቁሏል፤ ውስጥ የተደበቀ ክፉ ነገር እንዳይኖር ስታራ ዛጎራ ትልቁ ሆስፒታል ሄዶ ይታይ ብላሻለች። አንድ ወረቀት ነው፤ እኔ ስጨፍርበት አንቺ ስታነቢበት ቀብረሽኛል። ከሐኪም ቤት ስንወጣ በረዶው ያንሸራትታል ብለሽ ክንዴን ያዝሽ። በዚያ ቀን ግን መንገዱ ደረቅ ነበር።

ማታውን ሻንጣሽን ከፍተሽ ልብሶችሽን ወደ ቁምሳጥን መለስሽ። አልጠየቅሁሽም። ይህን ደግሞ ልጻፈው፤ ካፈርሁ አይመልሰኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት ኩሽና ውስጥ ድስት ሲንኳኳ፣ ሬዲዮኑ ላይ አብረሽ ስታንጎራጉሪ፣ ዶሮዎቹን ስትሰድቢ፣ ደስ አለኝ። ስቶይመን «አንተ ቂል፣ ትኩሳት ነበረብኝ በላት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» ይለኛል፤ እኔ ነገ እላታለሁ እላለሁ። የነገ ነገር ደግሞ አያልቅም።

አንድ ቀን ከጓሮ ስገባ በስልክ ስትናገሪ ሰማሁሽ። «ፕላመን፣ ይህ ሰው አንድ ያለውን ልጁን ቀብሯል። ከነበሽታው ጥዬው አልመጣም። አንተም አትጠብቀኝ፤ መጥቼ በአካል እነግርሃለሁ፣ ቀለበትህንም እሰጥሃለሁ» አልሽው። አላለቀስሽም። መጥተሽ ሾርባ ቀዳሽልኝ። ጨው ሁለት ጊዜ ጨምረሽበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው በላሁት። እንደበላሁ ካፖርቴን ደርቤ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ለዶክተሯ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ ስቶይመንን፣ ራኪያውን። ብዕሯን አስቀመጠች። «አቶ ራንጌል፣» አለችኝ፣ «ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ብግነቱን የሚያሳየው ቁጥር ወደ ላይ ይተኮሳል። ኮሌስትሮል ደግሞ ለጊዜው ይወርዳል፤ ጉበት የዘወትር ሥራውን ትቶ ለትግሉ ይሰለፋላ! ታመው ከነበረ፣ ያ ወረቀት የጉንፋንዎን ሳምንት ነው የሚያሳየው፤ ስለ ዘወትሩ ደምዎ ገና ምንም አልነገረንም። ክፉውም ደጉም አይታመንም።» እኔ የመስቀሉ ተአምር ነው ብዬ ነበር አልኳት። «መስቀሉማ ይኸው አድኖዎታል። ጉንፋኑንም የሰጠዎት ወንዙ ሳይሆን ቤት ለቤት የሳመዎት ሰው ሁሉ ነው፤ ከተማው በሙሉ ሲያስል ነው የከረመው» አለችኝ። ቀጥላ ክኒኑስ አለች። ምድጃው ወሰደው አልኳት። ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። «ልጅዎን ምን እንደወሰደው ረሱት?» አለችኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁና አዲስ ክኒን እዘዢልኝ አልኳት።

ክኒኑን በዚያው ቀን አስጀመረችኝ። «ጉንፋን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ግን በግምት አልተውዎትም። ሳሉ ጨርሶ ይጥፋ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ፣ ደግመን እናየዋለን። ለምራትዎ ግን ዛሬውኑ ይንገሯት» አለች። እሺ ብያት ወጣሁ፣ ግን አልነገርኩሽም። ወረቀት ሳልይዝ ብነግርሽ፣ ይህ ሽማግሌ እንድሄድለት ብሎ የሚቀባጥረው ነው ትዪኝ ነበር፤ አውቅሻለሁ፣ አንቺም ታውቂኛለሽ። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ከላይ ጽፌዋለሁ። ደሜን ዳግመኛ ሰጥቼ ውጤቱን ስጠብቅ አንቺ ቀድመሽኝ ትናንት ተሳፈርሽ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች። ብግነቱ ሁለት ገብቷል፤ የጤነኛ ሰው ነው። ኮሌስትሮሌ ደግሞ እንደ ዱሮው ስድስትን አልፎ ጉብ ብሏል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ የጮኸ በሽተኛ በዕድሜዋ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔስ ብሆን? የራሴው አሮጌ ደም ተመለሰልኛ! ክብደቴም ተመልሷል። የስታራ ዛጎራውን ቀጠሮ አያስፈልግም ብላ ሰረዘችው፤ የክኒኑን መጠን ግን ጨመረችው። ያንን ውሸታም ሦስት ነጥብ ዘጠኝ አምነን ብንቀር ኖሮ በበጋው የዮርዳኔ ጎን ትቀብሪኝ ነበር። የወረቀቱን ቅጂ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። ካላመንሽኝ ዶክተሯ ጋ ደውዪ፤ ጠብቂልኝ ብያታለሁ።

እንግዲህ የማመሰግነው በዝቷል። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዶክተሯን አመሰግናለሁ። ስቶይመንንም፣ አፉ ቢከፋም፣ አመሰግነዋለሁ። ትስቂብኝ ይሆናል እንጂ ትኩሳቱንም አመሰግናለሁ፤ በእሱ ሰበብ አንድ ወር ሙሉ ልጄ ቤት ውስጥ ነበረች። ከሁሉ በላይ ግን አንቺን። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ሻንጣውን ሲፈታ አይቻለሁ። ይህን ያየ ሽማግሌ ሌላ ምን ይመኛል? ይበቃኛል። አሁን መልሰሽ ዝጊው።

ስለ ክኒኑ አታስቢ። ስቶይመን ማታ ማታ የራሱን የደም ግፊት ክኒን ይዞ ሊመጣ ተስማምተናል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ተያይተን እንውጣለን። ትናንት ጀምረናል። «ምላስህን አንሳ!» ሲለኝ የአንቺን ድምፅ ሊያስመስል ይሞክራል፤ አልቻለበትም። ፕላመንንም ደሙን አስመርምሪው፤ ታዲያ ጉንፋን ሳይዘው፤ ይዞት ከነበረም ደብቆ ጀግና አይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቡርጋስ ማዘጋጃ ቤት ፈርማችሁ ብቻ እንዳትቀሩ። ፕላመን ሚዜዎቹን ይዞ ይምጣና፣ እንደ ወጉ፣ ከዚህ ቤት ይውሰድሽ። ዮርዳኔ ሊወስድሽ የመጣ ዕለት እኔ የሙሽራው ወገን ነበርኩ። ከሚዜዎቹ ጋር ትከሻዬን አስጠግቼ የእናንተን በር ከውጭ ስገፋ፣ ከውስጥ የያዘው ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ነበር። ብርቱ ሰው ነበር፤ ማጠፊያውን ነቅለን ነው የገባነው። አሁን እሱ የለም፤ ሙሽራ ደግሞ በሯን የሚይዝላት ሰው ሳይኖር አትወጣም። ለፕላመን ንገሪው፤ ክሬኑን ይዞ ቢመጣም በዋዛ አይከፈትለትም። በዚህ ጊዜ እኔ የምቆመው ከውስጥ ነው።

የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ፤ እንጀራሽ አይጉደል፤ ልጅ ታቅፈሽ ልይሽ። የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ።

አባትሽ